ለለስላሳ የኢላማ ጥይት የትኛው ቀለህ፣ የትኛው ባሩድ?

ጠያቂያችን የ.357 ማግነም ሪቮልቨር አላቸው። የሚተኩሱት በ25 ሜትር፣ ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እጅ የማይመታ ለስላሳ ጥይት በራሳቸው መሙላት ጀምረዋል። ቀለሁ ረጅሙ የማግነም ቀለህ ነው። ባሩዱ ደግሞ ለከባድ ጥይት ተገዝቶ የተረፈ፣ ቀስ ብሎ የሚነድ ዓይነት። መጠኑን በግማሽ ቀንሰውታል። «አንዱ ድው ይላል፣ ቀጣዩ ፍስስ። ቀዳዳዎቹ ከላይ እስከ ታች ተሰልፈዋል። በርሜሉ ውስጥም ያልነደደ ባሩድ አገኛለሁ። ጥፋቱ የቀለሁ ነው ወይስ የባሩዱ?» ይላሉ።

የሁለቱም ነው። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። ከዚያ ጥይት የተረፈ ካለ አይተኩሱት። አረሩን በመንቀያ ያውጡና ይበትኑት።

ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ በደንብ የሚነደው ሲጨነቅ ነው። ከፊቱ ከባድ አረር፣ በዙሪያው ጠባብ ቦታ ይፈልጋል። ግማሹን ሲቀንሱበት ግፊቱ አይነሳም፤ እሳቱም መንገድ ላይ ይሰንፋል። ለምሳሌ ኤች110 የሚባለውን ባሩድ አምራቹ ራሱ ከተጻፈው መጠን ብዙ እንዳይቀነስ ያስጠነቅቃል። «ትንሽ ባሩድ ከሆነ አደጋውም ትንሽ ነው» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም። ያ «ፍስስ» ያለው ተኩስ አረሩን በርሜሉ መሃል ትቶት ሊቀር ይችላል። ሳያውቁ ቀጣዩን ከኋላው ቢተኩሱ በርሜሉ ያብጣል ወይም ይፈነዳል። ድምፁ ካላማረዎት ያቁሙ። ሽጉጡን ያራግፉ። በርሜሉ ክፍት መሆኑን በዘንግ ያረጋግጡ። እኔ ቀልድ የማላውቅበት ቦታ ይህ ብቻ ነው።

ለለስላሳ ጥይት የሚሆነው ፈጣን ባሩድ ነው። በትንሽ ግፊትም ጨርሶ ይነዳል። ቡልስአይ የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1898 ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ነው፤ ኢላማ ተኳሾች እስከ ዛሬ አልተዉትም። ኤችፒ-38ም ጥሩ ነው። ዊንቸስተር 231 ከሚባለው ጋር አንድ ዓይነት ባሩድ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የሚለየው ማሸጊያው ነው።

ፈጣን ባሩድም የራሱ ጣጣ አለው። በጣም ትንሽ ነው የሚገባው። ለምሳሌ የቡልስአይ የተለመደው የኢላማ ሙሌት ከ3 ግሬን በታች ነው፤ በግራም ሲሰላ 0.2 እንኳን አይሞላም። ቀለሁ ውስጥ ሲገባ ታች የተረሳ አቧራ ይመስላል። ከዚህ ሁለት ችግር ይወለዳል።

አንደኛው፣ ሁለት ጊዜ ቢሞሉት ቀለሁ አይሞላም፤ አይፈስምም። ስለዚህ በዓይን ካላዩት አያውቁትም። ሃምሳውን ቀለህ መደርደሪያ ላይ ያቁሙ፣ ባሩዱን ይስፈሩ፣ ከዚያ አረር ከመግባቱ በፊት በባትሪ ብርሃን አንድ በአንድ ይዩ። ሁሉም እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት። ስልክ ከተደወለ ከመጀመሪያው ይቁጠሩ።

ሁለተኛው ባዶ ቦታው ነው። ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ ይንከባለላል። አፈሙዙ ወደ ታች ሲዘቀዘቅ ወደ አረሩ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ሲነሳ ወደ ፕራይመሩ፣ ማለትም ወደ እሳት አጫሪዋ ይመለሳል። በሁለቱ መካከል የፍጥነት ልዩነት አለ፤ ወረቀቱ ላይ ከፍ ዝቅ ብሎ ይታያል። የፍጥነት መለኪያ ካለዎት ይሞክሩት። አምስቱን አፈሙዙን ወደ ላይ አንስተው ካወረዱ በኋላ፣ አምስቱን ደግሞ ወደ ታች ዘቅዝቀው ካነሱ በኋላ ይተኩሱ። ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ሌላ ባሩድ ይፈልጉ። ቦታ እንዲይዝ ሆን ተብሎ የተሠራ ባሩድም አለ። ትሬይል ቦስ የሚባለው ቅንጣቱ መሃሉ የተበሳ ቀለበት ነው፤ ትንሽ ሆኖ ብዙ ቦታ ይሞላል። እሱን ግን በአረሩ መጠቅጠቅ ክልክል ነው።

ወደ ቀለሁ እንምጣ። ባዶ ቦታውን ለመቀነስ ቀላሉ መንገድ አጭር ቀለህ ነው። የ.38 ስፔሻል ቀለህ 29.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የ.357 ማግነሙ 32.8። የእርስዎ ሽጉጥ ሁለቱንም ይቀበላል። ስለዚህ የኔ ምርጫ .38 ስፔሻል ነው። ቀለሁ ላይ ዋድከተር ይጫኑበት፤ ይህ አፍንጫው እንደ ቡሽ ጠፍጣፋ የሆነ የእርሳስ አረር ነው። ቀለሁ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ ባዶውን ቦታ ያጠብባል። ወረቀቱንም ክብ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ ነጥብ ለመቁጠር ደስ ይላል። የመዳብ ሽፋን ያለው አረር ለዝግታ ጥይት አይሆንም። በርሜሉን ከእርሳስ ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ እዚያው ሊቀር ይችላል።

አረሩ ጠልቆ ስለሚገባ የቀለሁ ግድግዳ ውፍረት ዋጋ አለው። ግድግዳው ወደ ታች ሲሄድ ቶሎ የሚወፍር ከሆነ የለስላሳውን እርሳስ ቂጥ ይጨምቀዋል፣ ወይም ቀለሁ ራሱ ያብጣል። ለዋድከተር ተብሎ የተሠራ ቀለህ ግድግዳው እስከ ጥልቁ ስስ ነው። ፋብሪካ የሞላው የዋድከተር ጥይት ተኩሰው ከሆነ ቀለሁን አይጣሉ፤ ወርቅ ነው። ደግሞ አይቀላቅሉ። ቂጡ ላይ የተጻፈውን አይተው የአንድ ፋብሪካውን ለብቻ ያድርጉ። ርዝመቱ ከተለያየ አፉን አረሩ ላይ ሲያጥፉ አንዱ ይጠብቃል፣ አንዱ ይላላል። ኒኬል የተቀባው ከጎሬው፣ ማለትም ጥይቱ ከሚቀመጥበት የሽጉጡ ቀዳዳ ሲወጣ ይንሸራተታል፤ ከነሐሱ ግን አፉ ቶሎ ይሰነጠቃል።

አጭሩ ቀለህ አንድ ዕዳ ያስከትላል። ጎሬው ውስጥ ከቀለሁ አፍ ፊት ለፊት የጥላሸትና የእርሳስ ቀለበት ይሠራል። ካላጸዱት፣ በኋላ ረጅሙ የማግነም ጥይት አልገባም ይላል። በግድ አይግፉት። በነሐስ ብሩሽ ጠርገው ይሞክሩ።

ረጅሙን ቀለህ ካልተው ለእሱ የተጻፈውን ሙሌት ይጠቀሙ። በተቃራኒው የማግነም ሙሌት በ.38 ቀለህ ውስጥ በፍጹም አያድርጉ። ያ ጥይት አንድ ቀን ደካማ የ.38 ሽጉጥ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ትክክለኛውን መጠን ከባሩዱ አምራች መጽሐፍ ይውሰዱ፤ ከእኔም ከጓደኛዎም አይውሰዱ። በመነሻው መጠን ይጀምሩ፣ ከዝቅተኛው በታችም አይውረዱ። ፕራይመሩ ተራው፣ «ስሞል ፒስቶል» የሚባለው ይበቃል።

የተረፈዎትን ዝግተኛ ባሩድ በራሱ ማሸጊያ፣ ስሙ እንደተጻፈበት ያስቀምጡት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የባሩድ ቆርቆሮ በአንድ ጊዜ አይክፈቱ።