የዕፅዋት ጂን ማን ይከፍታል፣ ማን ይዘጋል? ስለ ክሮማቲን ጠይቁኝ

ጋሽ ሥሩ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለዓመታት የሠራሁት በአራቢዶፕሲስ ላይ ነው። የጎመን ዘመድ የሆነች ትንሽ አረም ናት። ክሮማቲን ማለት ዲኤንኤ ከተጠመጠመባቸው ፕሮቲኖች ጋር ነው። ዛሬ ማታ ስለ ክሮማቲን ሪሞደለሮች የምችለውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፦ እነዚህ ፕሮቲኖች የዲኤንኤን ፊደል አይቀይሩም። የሚቀይሩት አጠማጠሙን ነው።

ባዮ ተማሪ፦ ጋሼ፣ ለሁለተኛ ዓመት ተማሪ በሚገባ መንገድ፣ ሪሞደለር ምንድን ነው የሚሠራው?

ጋሽ ሥሩ፦ ሸማኔ ማጉን ቀሰም ላይ ሲጠመጥም አይተሻል? ዲኤንኤም እንደዚያ ነው። 147 ጥንድ ፊደል ሂስቶን በሚባሉ 8 ፕሮቲኖች ዙሪያ ይጠመጠማል፤ ይህ ኑክሊዮሶም ይባላል። የጂኑ ማስነሻ ቦታ ጥምጥሙ ውስጥ ከተቀበረ ለማንበብ ያስቸግራል። ሪሞደለሩ ኤቲፒ የተባለውን የሴል ነዳጅ እያቃጠለ ኑክሊዮሶሙን ያንሸራትታል፣ ይነቅላል ወይም አንዱን ሂስቶን በሌላ ይተካል። ሂስቶን ላይ ኬሚካል የሚለጥፉት ኢንዛይሞች ሌሎች ናቸው። አብረው ይሠራሉ እንጂ አንድ አይደሉም።

ናቲ፦ ስለዚህ ሪሞደለር ጂን ከፋች ነው ማለት ነው?

ጋሽ ሥሩ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ብራህማ የሚባለውን ውሰድ። የአበባ ክፍሎችን የሚሠሩ ጂኖች እንዲነሱ ያግዛል። ለጭንቀት ምላሽ የሚሰጠውን ኤቢአይ5 የሚባል ጂን ግን ዝም ያሰኛል፤ በጂኑ መነሻ ላይ ያለው ኑክሊዮሶም ተደላድሎ እንዲቀመጥ ያደርጋል። ብራህማ የጎደላት ተክል አብሲሲክ አሲድ የተባለው የጭንቀት ሆርሞን ሲነካት ከልክ በላይ ትደነግጣለች። ድርቅን ደግሞ ከጤነኛዋ በተሻለ ትቋቋማለች። ያው ፕሮቲን እዚህ ይከፍታል፣ እዚያ ይዘጋል።

የገበሬ ልጅ፦ ታዲያ ብራህማን አጥፍተን ድርቅ የሚችል ጤፍ አናወጣም?

ጋሽ ሥሩ፦ አይሆንም። ብራህማ ጨርሶ የጠፋባት አራቢዶፕሲስ ትቀጭጫለች፣ ሥሯ ያጥራል፣ ዘርም አትሰጥም። ጤፍ ላይ አልሠራሁም፣ ስለዚህ አልናገርም።

ቋንቋ ወዳድ፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ "ክሮማቲን" ለምን በአማርኛ አይባልም? መነሻው የግሪክ "ቀለም" ነው። "ቀለም ያዥ" ብንለውስ?

ባዮ ተማሪ፦ "ቀለም ያዥ" ሲባል ሁሉም ክሎሮፊል ነው የሚመስለው። ፈተናውም የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው።

ቋንቋ ወዳድ፦ ፈተና ብቻ ነው እንዴ ዓላማው? እናቴ እንድትረዳኝ ብፈልግስ?

ናቲ፦ እናትህ "ጥምጥም" ብትላት ወዲያው ይገባታል።

ጋሽ ሥሩ፦ ስሙን ያገኘው ማቅለሚያ ስለሚይዝ ነው፤ ልክ ነህ። "ጥምጥም"ንም ወድጄዋለሁ። አሁን ግን ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ሚኒሶታ፦ እኔ ያለሁበት አገር መኸር ላይ የሚዘራ ስንዴ በረዶውን ካላሳለፈ አያሸትም ይላሉ። ይሄም በሪሞደለር ነው?

ጋሽ ሥሩ፦ በከፊል። በአራቢዶፕሲስ ኤፍኤልሲ የሚባል ጂን ማበብን ይከለክላል። ይህ ጂን በኃይል እንዲሠራ ስዊር1 የተባለ የሪሞደለር ስብስብ ያስፈልገዋል። ስብስቡ ኤች2ኤ የተባለውን ሂስቶን አውጥቶ ኤች2ኤ.ዜድ በተባለ ዘመዱ ይተካል። ብርዱ ለሳምንታት ሲቆይ ፖሊኮምብ የተባለ ቡድን ይመጣና ጂኑ ላይ የመዝጊያ ምልክት ያትማል። ሙቀት ሲመለስም ምልክቱ ይቆያል፤ ተክሏም ታብባለች። እንግሊዝ ኖርዊች ባለው ጆን ኢንስ ማዕከል የካሮላይን ዲን ቡድን ይህን ለብዙ ዓመታት ፈትሾታል። ደግሜ እላለሁ፦ ፖሊኮምብ ምልክት አድራጊ እንጂ ሪሞደለር አይደለም። ስንዴ ደግሞ ኤፍኤልሲን ሳይሆን በዋናነት ቪአርኤን1 የሚባል ጂን ነው የሚጠቀመው።

አዲስ ገቢ፦ ስለ ኤፒጄኔቲክስ በአጭሩ ቢነግሩን?

ጋሽ ሥሩ፦ ይህ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ነው። አንድ ጂን ወይም አንድ ፕሮቲን ይዘህ ተመለስ።

ሜሮን፦ ለውጡ ወደ ልጅ ይተላለፋል?

ጋሽ ሥሩ፦ እንደ ቦታው ነው። የኤፍኤልሲ ምልክት በየትውልዱ ይጠፋል፤ አዲሷ ዘር ብርዱን እንደገና ማየት አለባት። ዲዲኤም1 ግን ሌላ ታሪክ ነው። ይህ ሪሞደለር ሲጎድል ዲኤንኤው ላይ ያለው ሜቲል፣ ማለትም ዝም የሚያሰኝ ትንሽ የኬሚካል ምልክት፣ በብዛት ይረግፋል። ጤነኛውን ዲዲኤም1 በማዳቀል ብትመልሺም አንዳንዱ ቦታ ለትውልዶች ባዶውን ይቀራል። ይባስ ብሎ ተኝተው የነበሩ ዘላይ ጂኖች ይነቃሉ፣ ቦታም ይቀይራሉ። ያኔ ፊደሉ ራሱ ይነካል። መጀመሪያ ላይ ካልኩት ጋር እንዳይጋጭብሽ፦ ፊደሉን የሚነኩት ዘላዮቹ ናቸው፣ ሪሞደለሩ አይደለም።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ሪሞደለር ጂን ከፋች ነው ወይስ ዘጊ?

ጋሽ ሥሩ፦ ወንድሜ፣ ለናቲ የመለስኩትን አንብብ።

ባዮ ተማሪ፦ እርስዎ በጣም የሚወዱት የትኛውን ነው?

ጋሽ ሥሩ፦ ፒክልን! ይህን ስጠብቅ ነበር። በ1997 የታተመውን ሥራ ሳነብ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፒክል የተባለው ሪሞደለር የጎደላት ቡቃያ ከዘሯ ወጥታም ፅንስነቷን አትረሳም። ሥሯ ያብጣል፣ አረንጓዴ ይሆናል፣ የዘር ዘይት ያጠራቅማል። ስሙም የመጣው በጨው የተዘፈዘፈ ኪያር ስለሚመስል ነው። በሁሉም ላይ አይታይም፤ ጂቤሪሊን የተባለው ሆርሞን እንዳይመረት ሲደረግ ግን ያበጡት ይበዛሉ። ያን ሥር ቆርጠሽ ሆርሞን በሌለበት ምግብ ላይ ብታስቀምጪው ከሥሩ አዲስ ፅንስ ያወጣል። ከሥር ፅንስ! የመጀመሪያዋን በማጉያ መነጽር ያየሁ ቀን ጓደኞቼን ሁሉ ጠርቼ አሳየሁ።

ባዮ ተማሪ፦ ፅንሱ አድጎ ሙሉ ተክል ይሆናል?

ጋሽ ሥሩ፦ ይሆናል።