አንድ ኮርስ ለሁለት ስታስተምሩ

«ሪሰርች ሜቶድስን (የምርምር ዘዴን) ለሁለት እያስተማርን ነው። ተማሪዎቹ ‹የማንን እንከተል?› እያሉ ያማርራሉ። ምን ይሻላል?» ብለው ለጠየቁን መምህር።

ይህንኑ ኮርስ ከባልደረባዬ ጋር ለዓመታት አስተምሬያለሁ። ችግሩ የሚጀምረው ከአከፋፈሉ ይመስለኛል። እኛ ጋ ቲም ቲቺንግ (በጋራ ማስተማር) ሲባል አብዛኛውን ጊዜ «እስከ ሚድ አንተ፣ ከሚድ በኋላ እኔ» ነው። ሁለተኛው መምህር የመጀመሪያው ምን ብሎ እንደወጣ ሳያውቅ ይገባል።

የናሙናን ትምህርት እንውሰድ። አንዱ ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል። 2,000 አባወራ ካለ፣ በ5 በመቶ የስህተት ህዳግ 333 ይበቃል ይላል። ከሳምንታት በኋላ ሌላው ይመጣና «አዲስ ሐሳብ መምጣቱ እስኪያቆም ጠይቁ፤ ቀመር አያስፈልጋችሁም» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ስለ ብዛት፣ ሌላው ስለ ምክንያት ነው የሚያጠናው። ይህን የሚያስታርቅለት ሰው ያላገኘ ተማሪ ግን ለቃለ መጠይቅ ጥናት ቀመር ደርድሮ ይመጣል።

እኛን የጠቀመን እዚህ ርዕስ ላይ ሁለታችንም አንድ ክፍል መግባታችን ነው። «ተማሪዎች ትምህርት ለምን ያቋርጣሉ?» የሚል ርዕስ ሰሌዳ ላይ እንጽፋለን። ከዚያ እኔ በመጠይቅ፣ እሱ በቃለ መጠይቅ እናጠናዋለን ብለን ፊት ለፊታቸው እንከራከራለን። ጥያቄ የሚጎርፈው ያኔ ነው። አንዳችሁ ዶክተር፣ ሌላችሁ ጀማሪ ከሆናችሁ ግን ጀማሪው ተማሪ ፊት መቃወም ይከብደዋል። ዶክተሩ ቀደም ብሎ፣ ቢሮ ውስጥ፣ «ሞግተኝ» ይበለው። ይህ ካልሆነ ክርክሩ ለይስሙላ ይሆናል፤ ተማሪም ያውቅባችኋል።

ፋይናሉን አብራችሁ አውጡ። ቢያንስ አንዱ ጥያቄ የሁለታችሁንም ክፍል የሚነካ ይሁን። እሱን ስታርሙ መጀመሪያ አምስት ወረቀት ለየብቻ አርማችሁ ማርኩን አስተያዩ። ልዩነቱ ከሰፋ ሌላውን ከመቀጠላችሁ በፊት ተነጋገሩበት።

የሎድ (የማስተማር ጫና) ነገር አለ። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ ለሁለት ሲካፈል ብዙ ጊዜ ለእያንዳንዳችሁ 1.5 ነው የሚያዘው። በባልደረባ ክፍለ ጊዜ መግባት አይቆጠርም። ስለዚህ ሁሌ አብራችሁ ግቡ አልልም። ከክርክሩ ሌላ የመጀመሪያውን ቀን፣ ርክክቡን እና ተማሪዎች ፕሮፖዛል የሚያቀርቡበትን ብቻ ምረጡ። እነዚህን ሰዓቶች የኮርስ ድልድሉ ሳይጸድቅ ለዲፓርትመንት ኃላፊው አሳውቁ። ፕሮግራም ከወጣ በኋላ ማስቀየር አበሳ ነው።