የምክር አምድ፦ ጃምቧቸውን ሳይጨርሱ የወጡት ደንበኛዬ

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

በአዳማ ከተማ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ አንዲት አነስተኛ ግሮሰሪ አለችኝ። ከባለቤቴ ጋር ከከፈትናት 17 ዓመት ሆኗታል፤ እርሱ ካረፈ ወዲህ ያሉትን አራት ዓመታት ግን ከአንዲት አስተናጋጅና ከእህቴ ልጅ ጋር ሆኜ እኔው ይዣታለሁ። ውስጥ ስምንት ጠረጴዛ፣ በረንዳው ላይ ደግሞ ሦስት አላት። የአዳማን ሙቀት የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ እዚህ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ፀሐይ ስትበርድ ነው። የእኔም ደንበኞች አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ይመጡና አንድ አንድ ጃምቦ ይዘው እስከ ሁለት፣ ሲቆዩም እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ሲጨዋወቱ ያመሻሉ። አብዛኞቹ በምድር ባቡር የሠሩ ወይም መምህራን የነበሩ ጡረተኞች ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አይቀሩም።

ከጥቂት ወራት በፊት የእህቴ ልጅ «አክስቴ፣ በዚህ ዘመን ያለ ሙዚቃ የሚሸጥ ቤት የለም» ብሎ አግባብቶኝ ዓርብና ቅዳሜ ማታ ላይቭ ሙዚቃ አስገባን። ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዱ ማሲንቆ እየመታ ይዘፍናል፣ ሌላው ኦርጋን ይጫወታል። ደመወዝ የላቸውም፤ እራታቸውንና ሁለት ሁለት ቢራ እሰጣቸዋለሁ፣ የሚያገኙት ሽልማት የራሳቸው ነው። ገበያው በእርግጥ ጨምሯል፤ ዓርብ ማታ ሁለት በርሜል ድራፍት ታወጣ የነበረች ቤት አሁን አራት ታወጣለች፤ ከዚህ በፊት በበራችን አልፈው የማያውቁ ወጣቶችም ወንበር እስኪጠፋ ድረስ ይመጣሉ።

ችግሩ የጀመረው ከአንድ ወር በፊት ነው። ሁላችንም ጋሽ መምህር የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሒሳብ ሲያስተምሩ የኖሩ ደንበኛ አሉን። ጋዜጣቸውን አጣጥፈው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ፣ አንድ ጃምቦ ያዛሉ፣ እርሷን እያንቀረፈፉ ሁለት ሰዓት ይቀመጣሉ፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ከእርሳቸው ጋር ዳማ ይጫወት ነበር። በዚያ ዓርብ ማታ ባለማሲንቆው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ አወድሶ ሲሸለም ቆየና እርሳቸው ዘንድ ደረሰ። ቆሞ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያወድሳቸውም ፈገግ ከማለት በቀር ምንም አልሰጡትም። ያን ጊዜ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ እንዲህ አለ፦

«ሲያስተምር የኖረ ደምሮ ቀንሶ፣
ዛሬ ማካፈሉን ረሳው ወይ ጨርሶ?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ባንኮኒው ውስጥ ቆሜ ሳላስበው ሳቅኩ። ጋሽ መምህር ትንሽ ዝም ብለው ተቀመጡ፤ ከዚያ ሒሳባቸውን ሳይጠይቁ 200 ብር ከጃምቦው ሥር አስቀምጠው፣ ጋዜጣቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ወጡ። ጃምቦው ገና ግማሽ ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ አልተመለሱም። የገንዘባቸው መልስ እስከ ዛሬ በወረቀት ተጠቅልሎ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ቀስ በቀስ ጓደኞቻቸውም መቅረት ጀመሩ፤ አሁን ከሰኞ እስከ ሐሙስ ቤቱ ጭር ይላል።

በዚህ ላይ ግድግዳ የምትጋራኝ ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ ልጇ የ12ኛ ክፍል ፈተና እንደደረሰባትና በኦርጋኑ ድምፅ የተነሳ መኝታ ቤታቸው ውስጥ የብርጭቆ መደርደሪያው ሳይቀር እንደሚንቀጠቀጥ ነገረችኝ። በጨዋ ደንብ ነው የነገረችኝ፤ ያም የበለጠ አሳፈረኝ። ለእህቴ ልጅ ስነግረው «አንድ ጃምቦ ታቅፎ ለሚያመሽ ሽማግሌ ብለሽ ገበያሽን ልትዘጊ ነው?» አለኝ። ሙዚቃውን ላስቀረው ወይስ የድሮ ደንበኞቼ መሄዳቸውን ተቀብዬ ልቀጥል? ምክርዎን እጠብቃለሁ።

አክባሪዎ፣ ባለ ግሮሰሪዋ፣ ከአዳማ

መልስ

ውድ ጠያቂያችን፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሁለተኛውን ያነበብኩት፣ አልዋሽዎትም፣ ለግጥሙ ብዬ ነው። «ማካፈል» የምትለዋን ቃል ለሒሳብ መምህር ከዚህ በተሻለ ስፍራ ማስቀመጥ አይቻልም፤ ልጁ ተሰጥኦ አለው። ጋሽ መምህርን የጎዳቸውም ይኸው ይመስለኛል። ስድቡ ተራ ቢሆን ኖሮ ንቀው ያልፉት ነበር፤ ቃሉ ግን የቆየ ሙያቸውንና ያልሞላ ኪሳቸውን በአንድ ስንኝ አገናኝቶ በማይክ ያወጀ ነው፤ ያውም ለአንቱታ እንኳ ቦታ ሳይተው። እርስዎም ስቀዋል። ሳያስቡት ቢሆንም እርሳቸው ሳያዩዎት አልቀሩም።

የጠየቁኝ ከሙዚቃውና ከድሮ ደንበኞችዎ የትኛውን ልምረጥ ብለው ነው። እኔን ይዞ ያስቀረኝ ግን እንደ ዋዛ ጠቅሰውት ያለፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሙዚቀኞቹ ደመወዝ የላቸውም። የብዙ ቤት አሠራር እንዲህ እንደሆነ አላጣሁትም። ይሁን እንጂ ደመወዝ የሌለው ተጫዋች እንጀራውን ከየጠረጴዛው መልቀም አለበት። ለመልቀም መቅረብ አለበት፤ ከቀረበ ማወደስ፣ ውዳሴው ካልሠራ ደግሞ መንካት አለበት፤ ሳይሸልም የተቀመጠ ሰው ለእርሱ ያልተከፈለው ቀን ነውና። ድምፁን ከፍ የሚያደርገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ወሬ የያዘ ሰው አይሸልምም፤ ስለዚህ ወሬው እስኪቆም ድረስ ድምፁ ይጨመራል፣ ደንበኛው ደግሞ ለመደማመጥ ሲል ይጮኻል፣ እርሱን ለመሸፈን እንደገና ይጨመራል። የጋሽ መምህር ቅሬታና የጎረቤትዎ ቅሬታ ሁለት ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው፤ ለሙዚቃው መክፈል የነበረበት ቤቱ ሆኖ ሳለ የሚከፍሉት እነርሱ መሆናቸው ነው።

እዚህ ላይ ባለማሲንቆውን ብቻ እንዳይወቅሱት አደራ እላለሁ። እርሱ የሠራው አባቶቹ ሲሠሩት የኖሩትን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቀድሞዎቹ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ያመሸ ሰው እንደሚያውቀው፣ በአዝማሪ ቤት መነካካት የጨዋታው አንድ ክፍል ነው፤ አዝማሪው ይወጋዎታል፣ እርስዎም «ተቀበል!» ብለው የመልስ ስንኝ ያቀብሉታል፣ እርሱም የተሰደበበትን ግጥም በገዛ ድምፁ ያዜመዋል። ተሰዳቢው መልስ የመስጠት መብት ስላለው ማንም ቆስሎ አይወጣም። ደግሞም ወደ አዝማሪ ቤት የሚገባ ሰው ሊነካ ፈቅዶ ነው የሚገባው። ጋሽ መምህር ግን ወደ እርስዎ ቤት የገቡት ጋዜጣ ይዘው ነው፤ 17 ዓመት ሙሉ ግሮሰሪ የነበረ ቤት አዝማሪ ቤት መሆኑን ማንም አልነገራቸውም፣ «ተቀበል» የሚሉበትም ፋታ አልተሰጣቸውም። ልጁ የሙያውን ሠርቷል፤ ቤቱ የማን እንደሆነ የመንገር ግዴታ የነበረብዎት እርስዎ ነዎት።

እንግዲህ ሒሳቡን እንሥራው። ዓርብ ዓርብ ሁለት በርሜል ተጨማሪ ይሸጣሉ፤ ቅዳሜም ከዚያ ብዙ አያንስም ብዬ ልገምት። የእነዚያ በርሜሎች ትርፍ ለሁለት ሰዎች የምሽት ክፍያ የሚበቃ ከሆነ ይክፈሏቸው፤ የማይበቃ ከሆነ ደግሞ ሙዚቃው መጀመሪያውኑ ትርፍ አላመጣልዎትም፣ ዕዳውን ወደ ደንበኞችዎ አዞረ እንጂ። ስሌቱ ላይ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያጡትንም ማስገባት አይርሱ። የእህትዎ ልጅ «አንድ ጃምቦ ታቅፎ የሚያመሽ» ያላቸው ሰው በሳምንት ስድስት ቀን ይመጡ ነበር፤ ጓደኞቻቸውንም ይስቡ ነበር። ወጣቶቹ ሁለት ማታ መጥተው አምስቱን ቀን የት እንደሚሆኑ አይታወቅም፤ ከጎንዎ የተሻለ ድምፅ ማጉያ ያለው ቤት የተከፈተ ዕለት ደግሞ ሁለቱንም ማታ እዚያ ናቸው።

ደመወዙ ከተወሰነ በኋላ ለሙዚቀኞቹ ጥቂት ነገር በግልጽ ይንገሯቸው። ሽልማት አይከለከልም፤ መሸለም የፈለገ ተነሥቶ ወደ እነርሱ ይሄዳል፣ እነርሱ ግን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ አይዞሩም። የሰው ስም፣ ሥራ ወይም ኪስ የሚነካ ስንኝ የሚባለው ደንበኛው ራሱ ተናግሮ «ተቀበል» ሲል ብቻ ነው። ይህን ክፍያ ሳይጨምሩ ቢነግሯቸው ግን እራታቸውን መንጠቅ ነውና አይሰሙዎትም፤ ባይሰሙዎትም አልፈርድባቸውም።

አንድ ሌላ ሐሳብም አለኝ፤ ይህኛው የራሴ ፍላጎት የተቀላቀለበት መሆኑን ላልደብቅ። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራች አንዲት አውታር ብቻ ያለው፣ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ለእንዲህ ዓይነቷ ክፍል የተፈጠረ መሣሪያ ነው። ስምንት ጠረጴዛ ላለው ቤት ማይክ አያስፈልገውም። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ልጁ ጥግ ይዞ በማሲንቆ ብቻ፣ ያለ ማይክ፣ በትዝታም ይሁን በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ይጫወት፤ የሚያወራው ያወራል፣ መስማት የፈለገ ይሰማል። ኦርጋኑ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይግባ። ጡረተኞቹ በዚያ ሰዓት ወደየቤታቸው መነሣት ይጀምራሉ፤ ወጣቶቹም ቀድሞውኑ ከዚያ በፊት አይመጡም።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የድምፅ ብክለትንም ይመለከታል። በአገራችን የድምፅ ደረጃ መሠረት በመኖሪያ አካባቢ የሚፈቀደው ቀን 55 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ወደ 45 ይወርዳል፤ በንግድ አካባቢም ቢሆን ማታ ከ55 ማለፍ የለበትም። 55 ማለት ሁለት ሰዎች ተረጋግተው ሲነጋገሩ ከሚሰማው ድምፅ ብዙም የማይበልጥ ነውና፣ መደርደሪያ የሚያንቀጠቅጥ ኦርጋን ከየትኛውም ልኬት እጅግ የራቀ ነው። በስልክ የሚጫኑ የድምፅ መለኪያዎች ፍጹም ባይሆኑም ለግምት ይበቃሉ፤ ከጎረቤትዎ ፈቃድ ጠይቀው ሙዚቃው በሚጫወትበት ሰዓት እመኝታ ቤቷ ገብተው ይለኩ። መለካቱ ቢቀር እንኳ አንዴ እዚያ ቁጭ ብለው ይስሙት።

ግድግዳ አልፎ የሚሄደው በተለይ ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዝ የሚሉት ነው፤ ቀጭኑን ግድግዳው በመጠኑ ይመልሰዋል። ድምፅ ማጉያው ወለል ላይ፣ ያውም ማዕዘን ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ቤዙ ይበልጥ ይጎላል። ደብዳቤዎ የት እንደተቀመጠ ባይነግረኝም፣ መደርደሪያው ከተንቀጠቀጠ የጋራው ግድግዳ ሥር መሆኑን እጠረጥራለሁ። ወደ ተቃራኒው ግድግዳ ያዙሩት፣ ከወለሉ አንሥተው ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ያለበት መቆሚያ ላይ ያውጡት፣ የኦርጋኑን ቤዝ ይቀንሱ። በሙቀቱ ምክንያት በሩን መዝጋት እንደማይችሉ ይገባኛል፤ ስለዚህ ማጉያው ፊቱን ወደ በሩ አያዙር። የልጅቷ ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ግን ኦርጋኑ ጭራሽ ባይገባ፣ ማሲንቆው ብቻውን ቢያመሽ እመክራለሁ። ይህንንም ለጎረቤትዎ ራስዎ ሄደው ይንገሯት፤ ከአስተናጋጇ አትስማው።

የጋሽ መምህር ነገር ይቀራል። ወደ ቤታቸው ይሂዱ፤ ብቻዎን። ባለማሲንቆውን ይዘው አይሂዱ፤ እርሱ ይቅርታ የሚጠይቅበት ጊዜ ሌላ ነው፣ ከፈለገም በስንኝ ይጠይቃቸው። «ይምጡ፣ መጠጡ በእኔ ነው» እንዳይሏቸውም አደራ፤ ኪሳቸው በአደባባይ የተነካባቸውን ሰው በነፃ ጃምቦ መጥራት ያንኑ ስንኝ መድገም ይሆናል። ስቄ ነበር፣ ተሳስቻለሁ ይበሏቸው፤ ማሲንቆው ከእንግዲህ ያለ ማይክ እንደሚጫወት፣ ማንም ጠረጴዛቸው ድረስ እንደማይመጣ ይንገሯቸው። የዳማው ገበታ አሁንም ካለ፣ ባለቤትዎ ከሄዱ ወዲህ የሚያነሣው እንዳጣ ቢያነሡላቸው ክፋት የለውም። ይመለሱ እንደሆነ ግን አይጠይቋቸው።

መሳቢያዎ ውስጥ ያለውንም መልስ ይዘው ይሂዱ። አጠገባቸው ሆነው ቆጥረው ይስጧቸው፤ የሒሳብ መምህር ናቸውና እርሳቸውም መልሰው መቁጠራቸው አይቀርም።