«ፕላስ ሲ» ስንት ማርክ ታወጣለች?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሒሳብ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ደብዳቤዎች ከተለያየ ቦታ የተላኩ ቢሆኑም የሚያነሡት ጉዳይ አንድ ነው፤ ይኸውም ኢንተግሬት ከተደረገ (ከለውጥ ፍጥነቱ ተነሥቶ መነሻው ፋንክሽን ከተፈለገ) በኋላ በመልሱ መጨረሻ ላይ የምትጻፈው ቋሚ ቁጥር፣ ተማሪዎች «ፕላስ ሲ» የሚሏት፣ በፈተና ላይ ስትረሳ ምን ያህል ማርክ ሊቀነስባት እንደሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። በሚድ ፈተና ላይ የ3ኤክስ²ን ኢንተግራል እንድንፈልግ የሚያዝ የወርክ አውት ጥያቄ ቀርቦልን ኤክስ³ ብዬ መለስኩ። መምህራችን ከ2 ማርክ 1 ቀነሱብኝ። የመልሴን ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነቱን) ሳወጣው ግን ተመልሶ 3ኤክስ² ይሆናል። ታዲያ ስሕተቴ የቱ ላይ ነው? አንዲት ፊደል ባለመጻፌ የማርኩ ግማሽ መሄዱስ ተገቢ ነውን? (ተማሪ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ማረጋገጫሽ ትክክል ነው፤ የኤክስ³ ዴሪቬቲቭ 3ኤክስ² መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ይኸው ማረጋገጫ ለኤክስ³ + 7ም ሆነ ለኤክስ³ − 100 እኩል ይሠራል፤ የማንኛውም ቋሚ ቁጥር ዴሪቬቲቭ ዜሮ ስለሆነ 7ቱም ሆነ 100ው ሲጠፉ ዱካ አይተዉም። ጥያቄው «ዴሪቬቲቩ 3ኤክስ² የሚሆን አንድ ፋንክሽን ስጡ» የሚል ቢሆን ኖሮ ሙሉ ማርክ ይገባሽ ነበር። ኢንዴፊኒት ኢንተግራል የሚጠይቀው ግን እንዲህ ያሉትን ፋንክሽኖች በሙሉ ነው፤ አንቺም የሰጠሽው ቁጥር ስፍር ከሌላቸው መልሶች አንዱን ብቻ ነው።

«+ ሲ» ብሎ መጻፍ «ሌሎችም አሉ» ከማለት ያለፈ ትርጉም እንዳለውም ልብ በይ። ከእነዚህ ውጪ ሌላ መልስ የለም ማለትም ነው። በአንድ ያልተቆራረጠ ኢንተርቫል ላይ ዴሪቬቲቫቸው እኩል የሆነ ሁለት ፋንክሽኖች የሚለያዩት በቋሚ ቁጥር ብቻ መሆኑ በሚን ቫሊዩ ቴረም የሚረጋገጥ እውነት ነው፤ ስለዚህ ፊደሏ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ትናገራለች።

ጉዳዩ የሥርዓተ ጽሕፈት ብቻ አለመሆኑን ለማየት ወደ ፊዚክስ ክፍልሽ እንሻገር። ከመሬት 20 ሜትር ከፍታ ካለው ጣሪያ ላይ አንድ ድንጋይ በሴኮንድ 15 ሜትር ፍጥነት ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ተወረወረ እንበል። የአየርን መቋቋም ትተን የመሬት ስበትን ማጣደፍ 10 ብንወስድ፣ አክሰለሬሽኑ −10 ነው። ይህን ኢንተግሬት ስናደርግ ፍጥነቱ −10ቲ + ሲ ይሆናል (ቲ በሴኮንድ የሚቆጠር ጊዜ ናት)፤ ይህች ሲ ድንጋዩ የተወረወረበት ፍጥነት፣ ማለትም 15 ናት። ፍጥነቱን እንደገና ኢንተግሬት ስናደርግ ከፍታው −5ቲ² + 15ቲ + ሲ ይሆናል፤ ይህች ሁለተኛዋ ሲ ደግሞ የጣሪያው ከፍታ፣ 20 ናት። ከፍታውን ዜሮ አድርገን ስንፈታ ድንጋዩ መሬት የሚነካው ከ4 ሴኮንድ በኋላ ሆኖ እናገኘዋለን። የመጀመሪያዋን ሲ የረሳ ተማሪ ድንጋዩን ከጣሪያው ላይ ዝም ብሎ የለቀቀው ያህል ስለሚሆን መልሱ 2 ሴኮንድ ይመጣበታል። ሁለቱንም የረሳው ደግሞ −5ቲ² ብቻ ስለሚቀረው መወርወሩም ሆነ ጣሪያው ከሒሳቡ ውስጥ ጠፍተዋል፤ ድንጋዩ ገና ሳይነሣ መሬት ላይ ነው።

በብሔራዊ ፈተናም የሚያጋጥምሽ ይህን መሰል ነው። ፈተናው በምርጫ የሚቀርብ በመሆኑ «+ ሲ» መጻፍ አለመጻፍሽን የሚያይ አራሚ የለም፤ ዴሪቬቲቩ 3ኤክስ² የሆነና ኤክስ 1 ሲሆን ዋጋው 5 የሚሆን ፋንክሽን ኤክስ 2 ሲሆን ስንት ይሆናል ተብለሽ ልትጠየቂ ግን ትችያለሽ። ሲ 4 መሆኗን ያገኘ 12 ብሎ ይመልሳል፤ የረሳት 8 ላይ ይደርሳል፤ ጠንቃቃ ፈተና አውጪም 8ን ከምርጫዎቹ መካከል ማስገባቱ አይቀርም።

ስለ ማርኩ የጠየቅሽው፣ የኢንተግሬሽን ደንቡን በትክክል ለሠራ ተማሪ ግማሹን መቀነስ በእኔ አስተያየት ከበድ ይላል፤ ከ2 ማርክ ግማሽ ማርክ ይበቃ ነበር። ይሁንና መምህሩ አስቀድመው አስጠንቅቀው ከሆነ ቅሬታ ለማቅረብ በቂ ምክንያት ያለሽ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ ለኤፒ ካልኩለስ፣ ማለትም የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለሚወስዱት የኮሌጅ ደረጃ የሒሳብ ፈተና፣ እየተዘጋጀ ነው። በቅርቡ አንድ የቆየ የፈተና ጥያቄ ሠርቶ ለአስጠኚው ሲያሳየው ከአምስት ነጥቦች ሁለት ብቻ ሰጠው። ልጁ «አንዲት ሲ ነው የረሳሁት፤ ሌላው ስሌት ሁሉ ልክ ነው» እያለ ተበሳጭቷል። እኔ ሒሳቡን ባላውቅም ቅጣቱ የበዛ መሰለኝ። አስጠኚው ተሳስቶ ይሆን? (እናት፣ ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ወይዘሮ ሆይ፣ አስጠኚው ያረመው ፈተናውን የሚያዘጋጀው ድርጅት፣ ኮሌጅ ቦርድ፣ ራሱ በሚያርምበት መንገድ ነው። ለልጅዎ የሚያሳዩት ተጨባጭ ምሳሌ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤፒ ካልኩለስ ኤቢ ፈተና 5ኛ ጥያቄ ነው። ጥያቄው በ2010 መጀመሪያ ላይ 1400 ቶን ደረቅ ቆሻሻ ስለነበረበት የቆሻሻ መጣያ ሥፍራ ይናገራል፤ የቆሻሻው መጠን ደብልዩ ሲሆን በየዓመቱ የሚጨምርበት ፍጥነት ደብልዩ ላይ 300 ተቀንሶ ለ25 የተካፈለው ነው። በሦስተኛው ንዑስ ጥያቄ ተማሪው ደብልዩን ራሱን እንዲያገኝ ይጠየቃል። ለዚህ ከተመደበው 5 ነጥብ አንዱ ተለዋዋጮቹን ለመለየት፣ አንዱ ኢንተግሬት ለማድረግ፣ አንዱ ለቋሚ ቁጥሯ፣ አንዱ የመነሻውን 1400 ለመጠቀም፣ የመጨረሻው ደብልዩን ነጻ አድርጎ ለማውጣት ነው። በማረሚያው ላይ ቋሚ ቁጥሯን ያላስገባ ተማሪ ሊያገኝ የሚችለው ከፍተኛው ነጥብ ከ5 ሁለት መሆኑ በግልጽ ተጽፏል።

ምክንያቱን ልጅዎ በገዛ እጁ ሊያየው ይችላል። ትክክለኛው መልስ 300 + 1100ኢ^(ቲ/25) ነው፤ ቲ ከ2010 መጀመሪያ አንሥቶ ያለፉት ዓመታት፣ ኢ ደግሞ 2.718 ገደማ የሆነችው የታወቀች ቋሚ ቁጥር ናት። ሲን የረሳ ሰው የሚያገኘው 300 + ኢ^(ቲ/25) ሲሆን፣ በመነሻው ሰዓት፣ ማለትም ቲ ዜሮ ሲሆን፣ 301 ቶን ይሰጠዋል፤ ጥያቄው ግን 1400 ብሎ ነግሮታል። መነሻውን የሚያስገባበት ቦታ ስለሌለው አራተኛውን ነጥብ፣ ትክክለኛው ደብልዩ ላይ ስለማይደርስ አምስተኛውን ያጣል። በዚህ ዓይነት ጥያቄ ውስጥ ሲ የምትታሰበው ሥራው ካለቀ በኋላ አይደለም፤ የቀሩት እርምጃዎች ሁሉ የሚያልፉት በእርሷ በኩል ነው።

ከመርሳት የማይተናነስ ሌላም ስሕተት አለ፤ ሲን ዘግይቶ መጨረሻ ላይ መለጠፍ። ልጁ 300 + ኢ^(ቲ/25) ላይ ከደረሰ በኋላ ትዝ ብሎት «+ ሲ» ቢጨምርና ሲን 1099 ቢያደርጋት፣ መነሻው በትክክል 1400 ይመጣለታል፤ ሁሉም ነገር የተስተካከለ ይመስለዋል። ነገር ግን በተሰጠው ሕግ መሠረት ቆሻሻው በመነሻው ጊዜ የሚጨምርበት ፍጥነት 1400 ሲቀነስ 300፣ ለ25 ተካፍሎ፣ በዓመት 44 ቶን መሆን ሲገባው፣ የእርሱ ፋንክሽን የሚሰጠው ግን በዓመት 0.04 ቶን ነው። ሲ መግባት ያለባት ኢንተግራሉ በተወሰደበት በዚያው መስመር ላይ፣ ከኢንተግራሉ የሚመጣው ሎጋሪዝም ሳይፈታ ነው፤ በኋላ ሎጋሪዝሙ ሲፈታ ከመደመር ወደ ማባዛት ትለወጥና 1100ን ትሰጣለች። ልጅዎ ይህን አንዴ በወረቀት ላይ ሠርቶ ካየው ብስጭቱ የሚበርድለት ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ የሒሳብ መምህር ነኝ። የሳይን ኤክስ እና የኮሳይን ኤክስ ብዜት ኢንተግራል ምን እንደሆነ ጠይቄ አንዱ ተማሪ የሳይን ኤክስ ስኩዌር ግማሽ አለኝ፤ ሌላው የኮሳይን ኤክስ ስኩዌር ግማሽ ኔጌቲቭ አለኝ። ሁለቱም ሲን አልጻፉም። መልሳቸው የተለያየ ሆኖ ሳለ ለሁለቱም ማርክ ልስጥ? በአጠቃላይስ ለተረሳች ሲ ምን ያህል ልቀንስ? (መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለሁለቱም እኩል ይስጧቸው። የሳይን ስኩዌርና የኮሳይን ስኩዌር ድምር ምንጊዜም 1 ስለሆነ በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ለማንኛውም ኤክስ ግማሽ ነው፤ ማለትም ቋሚ ቁጥር ነው። እንዲያውም በደብል አንግል ቀመር የሚሠራ ሦስተኛ ተማሪ የኮሳይን 2ኤክስ ሩብ ኔጌቲቭ ብሎ ሊመጣ ይችላል፤ እርሱም ልክ ነው። ሦስቱን መልሶች ሰሌዳ ላይ ጽፈው ያለ ሲ ቢተዋቸው፣ ተማሪዎችዎ በአንድ ላይ ሁሉም ልክ ሊሆኑ እንደማይችሉ አድርገው ይከራከራሉ፤ ሲ ስትጨመር ክርክሩ ያበቃል። ሲ ለምን እንደምታስፈልግ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ለጎበዞቹ የ1 ለኤክስ ኢንተግራልን ይጨምሩላቸው። ፋንክሽኑ ዜሮ ላይ የተቆረጠ በመሆኑ ከዜሮ በላይና ከዜሮ በታች ያሉት ሁለት ክፍሎች የየራሳቸው ሲ ሊኖራቸው ይችላል፤ በፈተና ላይ ግን አንዲቱን ሲ የጻፈ ተማሪ ሊቀነስበት አይገባም።

ስለ ቅነሳው፣ መለኪያው ሲ በዚያ ጥያቄ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ቢሆን እመርጣለሁ። ተራ የኢንዴፊኒት ኢንተግራል ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ብዙ ሆነው ቢመጡ፣ ደንቡን የሚያውቅ ተማሪ በዚያችው ልማድ በየጥያቄው መቀጣቱ ካልኩለስ ማወቅ አለማወቁን አይለካም፤ ለወረቀቱ በሙሉ አንድ ጊዜ መቀነስና ይህንኑ ከፈተናው በፊት ለክፍሉ መናገር ይበቃል። መነሻ ዋጋ በተሰጠበት ጥያቄ ግን ለሲ ብለው የተለየ ቅጣት ማሰብ አያስፈልግዎትም፤ እርምጃዎቹን በየማርካቸው ከከፋፈሉ፣ የረሳት ተማሪ ተከታዮቹን ማርኮች ከሜሪላንድ በደረሰን ደብዳቤ ላይ እንዳየነው ራሱ ያጣቸዋል።

ማርክ እንዳይቀነስባቸው ፈርተው ሲን ባገኙት ቦታ ሁሉ የሚጽፉትንም አይለፏቸው። የ2ኤክስ ዴፊኒት ኢንተግራል ከ1 እስከ 3 ሲወሰድ 9 ሲቀነስ 1፣ ማለትም 8 ነው፤ ሲ በሁለቱም ጫፍ ብትገባ እንኳ ስትቀናነስ ትጠፋለች። ስለዚህ «8 + ሲ» ብሎ የጻፈ ተማሪ፣ የአንድን ሥፍራ ስፋት ተጠይቆ የማይታወቅ ቁጥር መመለሱ ነውና፣ ለተረሳችው የሚቀንሱትን ያህል ለዚህችም ይቀንሱበት።