«ነፋሱ ነው የወሰደው» ቢልስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው አቃቂ ዳር ነው። ጎረቤቴ በኪራይ መሬት ጎመንና ሰላጣ ያለማል። በሃይላንድ የተቀዳ፣ ምንም ያልተጻፈበት መድኃኒት ሲረጭ ነፋስ ወደ ግቢዬ አመጣው። ልጄ አስታወካት፣ ላብ በላብ ሆነች፣ ክሊኒክ አደረች። ሳሩን የጋጠች ላሜ በማግስቱ ሞተች። እሱ «ማላታይን ነው፤ ነፋስ ለወሰደው እኔ ምን ላድርግ፣ ሻጩን ጠይቂ» ይላል። ሽማግሌ ተቀምጦልናል። መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። ጎረቤትዎ ቸልተኛ እንደነበር ማስረዳት እንኳ አይጠበቅብዎትም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2069 መሠረት መርዛማ ነገር እየተጠቀመ ወይም እያከማቸ አደጋ የፈጠረ ሰው፣ አደጋው ደርሶ ሌላውን ከጎዳ ጥፋት ባይኖርበትም ይክሳል። ቁጥር 2086 ደግሞ ነፋሱንም ሻጩንም አስቀድሞ ያሰባቸው ይመስላል፦ «ላስቀረው አልቻልኩም» ወይም «የሌላ ሰው ጥፋት ነው» ማለት ከኃላፊነት አያድንም። የሚያድነው ወይም የሚያቀልለት የተጎጂው የራሱ ጥፋት ብቻ ነው። «ልረጭ ነው፣ ከብት አስገቡ» ብሎዎት ከነበረ ፍርድ ቤት ይህን ማንሳቱ አይቀርምና መልስዎን ያዘጋጁ።

የሚከብደው ማስረጃው ነው። ሃይላንዱ ካለ አይክፈቱት፣ አያሽትቱት፣ በባዶ እጅም አይንኩት፤ ማላታይንን የመሳሰሉት፣ ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት የተባይ መርዞች በቆዳም ይገባሉ። ለፖሊስ አመልክተው በእማኝ ፊት ይያዝ። «ማላታይን ነው» የሚለውን እኔ በቃሉ አልቀበለውም። ማላታይን ከዘመዶቹ ለዘብ ካሉት አንዱ ነው። ከዚያው ወገን የሆነው ፓራቲዮን ግን የዓለም ጤና ድርጅት እጅግ አደገኛ ከሚላቸው ጋር የመደበው፣ የአደገኛ ኬሚካሎችን ንግድ በሚመለከተው በሮተርዳም ስምምነት ዝርዝርም ውስጥ ያለ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ መግባት ብቻውን እገዳ አይደለም፤ ተቀባዩ አገር አውቆ ካልፈቀደ እንዳይላክ ነው። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው።

ከክሊኒኩ የሕክምና ማስረጃ ሲጠይቁ የልጅዎ የዓይን ብሌን ጠቦ እንደነበረና አትሮፒን ተሰጥቷት እንደሆነ ካርዷ ላይ ካለ ይጻፍልዎ። አትሮፒን የዚህ መርዝ ማርከሻ ስለሆነ ዳኛው ፊት ብዙ ይናገራል። ላሟ የእንስሳት ሐኪም ሳያያት ተቀብራ ከሆነ ግን የሚቀርዎት ምስክር ብቻ ነው።

ሻጩ ሌላ ጉዳይ ነው። በፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ያልተመዘገበ ፀረ ተባይ መሸጥ ክልክል ነው፤ መለያ ጽሑፍ በሌለው ሃይላንድ ቀድቶ መቸርቸርማ የሚከላከሉለት አይደለም። ለወረዳዎ ግብርና ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ይህኛውን ሽማግሌ አይሽረውም።

ሽምግልናውን አልቃወምም፤ ጎረቤት ነው፣ ነገም ቡና ትጠራራላችሁ። ነገር ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2143 ካሳ የሚጠየቀው ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው፣ ሽማግሌ መቀመጡ ብቻውን ቆጠራውን አያቆምም። ከተስማማችሁም በጽሑፍ ይሁን። የልጅዎ ሕክምና ሳያልቅ «ከእንግዲህ አልጠይቅም» የሚል ወረቀት ላይ ግን እንዳይፈርሙ።