ልብ ይለካል ወይስ ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ እናቴ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀኝ ደሴ መጥታ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ «የልብ ምትዎን ልለካልዎት» ስትላት፣ እናቴ «ትርታ ይቆጠራል እንጂ ይለካል እንዴ?» አለቻት። ቤት ስንመለስ ደግሞ «ግፊቴ 92 ሆነ» ብላ ጎረቤቱን አስደነገጠች። ለመሆኑ ምት ነው ትርታ? ይለካል ወይስ ይቆጠራል?

መልስ፦ ከግሱ ልጀምር፤ በእሱ እናትዎ ረትተዋል። አማርኛ አንድ፣ ሁለት ተብሎ ለሚነጠል ነገር «ቆጠረ»፣ ለማይነጠለው «ለካ» ይላል። በግ ይቆጠራል፤ አቡጀዲ ይለካል። የልብ ምት እየተነጠለ የሚመጣ ስለሆነ ይቆጠራል። የደም ግፊት ግን ደሙ የሥሩን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ነው፤ ነጠላ ስለሌለው በመሣሪያ ይለካል። ነርሷንም አልወቅስም። ጣት ላይ የሚሰካው መሣሪያ ቁጥሩን ራሱ ስለሚያወጣ «ለካሁ» ማለት ተለምዷል፤ «የልብ ምት ፍጥነት» ከተባለ ደግሞ ፍጥነት ድሮም የሚለካ ነው።

ጎረቤት የደነገጠው ምቱ «ግፊት» ስለተባለና አንዲት ቃል ስለጎደለች ነው። የምት ቁጥር «በደቂቃ» ከሚለው ቃል አይለይም። ግፊት ሁለት ቁጥር አለው፤ «120 በ80» እንደሚባለው። እናትዎ «ምቴ በደቂቃ 92 ነው» ቢሉ ኖሮ ማን ይደነግጥ ነበር? ዐርፎ ለተቀመጠ አዋቂ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ደግሞም ኮምቦልቻ ያለችው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ልቡ ትንሽ ቢፈጥን አይገርምም።

ወደ ምትና ትርታ ስንመጣ፣ «ምት» የ«መታ» ልጅ ነው። ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ መንዙማ ላይ ድቤ ይመታል፣ ደረት ውስጥ ልብ ይመታል። ቃሉ በመቺው በኩል የቆመ ነው። «ትርታ» ግን «ትር ትር አለ» ከሚለው ወጥቶ በሰሚው በኩል ቆሟል፤ ጣት ሥር የሚሰማው እሱ ነው። ስለዚህ እኔ ልብን ሳነሳ «ምት»፣ የእጅ አንጓን ስይዝ «ትርታ» እላለሁ። ይህ የእኔ ምርጫ ነው፤ «የልብ ትርታ» ያለ ሰው አልተሳሳተም። እንዲያውም ጋዜጠኛ «የከተማዋ የልብ ትርታ» ሲል እንጂ «የልብ ምት» ሲል ብዙ አልሰማሁም። ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ታካሚ «ልቤ ይመታል» ብሎ ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። የማይመታ ልብ ያለው ማን አለና! እሱ ግን ከወትሮው በላይ ተሰማኝ ማለቱ ነው፤ ሐኪሙም ይገባዋል።

አንዳንዱ ደግሞ «ደም ሥሬን ያዘችኝ» ይላል። ደም ሥር ሁለቱንም ይጠቀልላል፤ ከልብ የሚያወጣውን ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚያመጣውን ደም መልስ። አባባላችን «ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ» ከንቱ ድካምን ሲናገር፣ በዚያው መልክ የተቀረጸው ስም ሕይወት የቆመበትን ሥራ መሰየሙ ደስ ይለኛል። ትርታው የሚሰማው ደም ቅዳው ላይ ነው። በእጅ ጀርባ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው ደም መልስ ስለሆነ እሱን ተጭኖ ትርታ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው።

ቤት ውስጥ ለመቁጠር ከፈለጉ የእናትዎን መዳፍ ወደ ላይ አድርገው፣ ከአውራ ጣታቸው ግርጌ ትይዩ አንጓው ላይ ሌባ ጣትዎንና የመሐል ጣትዎን ቀስ አድርገው ያሳርፉ። በአውራ ጣት አይሞክሩት፤ የራሱ ትርታ ስላለው የእናትዎን ትተው የራስዎን ልብ ሊቆጥሩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ታማኙ ሌባ የተባለው ጣት ነው። 30 ሰከንድ ቆጥረው በ2 ያባዙ። ምቱ የሚዘል ወይም የሚዛባ ከመሰለዎት ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩና ለሐኪም ይንገሩ። ከመቁጠርዎ በፊት እናትዎ አምስት ደቂቃ ያህል ዐርፈው ይቀመጡ፤ ቆጠራው ከቡናው በፊት እንጂ ከበረካ በኋላ አይሁን።