15 አስታቅፌ 5 ብቻ ተፈለፈለልኝ፤ ጥፋቱ የዶሮዋ ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደጀን አካባቢ የምኖር ገበሬ ነኝ። አንዲት የሐበሻ ዶሮዬ ልታቀፍ ስትል 15 እንቁላል አስታቀፍኳት። ዘጠኙ ሦስት ሳምንት ያህል ያጠራቀምኩት የቤቴ ነው፤ ስድስቱን ከከተማ ሱቅ ገዝቼ ሞላሁ። እየነቀነቅኩም፣ ውሃ ውስጥ እየከተትኩም ነው የመረጥኩት። የተፈለፈሉት ግን 5 ብቻ ናቸው። አንዳንዱ ገማ፣ አንዳንዱ ደግሞ ጫጩቱ ውስጡ ሞቶ ተገኘ። ሌሎቹ ዶሮዎቼም እዚያው እየገቡ ይጥሉ ነበር። ዶሮዋን ልሽጣት? ወይስ ሰዎች እንደሚሉት የመፈልፈያ ማሽን ልግዛ?

መልስ፦ እናቴ፣ ዶሮዋን እንዳይሸጧት። 21 ቀን ሙሉ ሳትሰለች የታቀፈች ዶሮ ሀብት ናት። ከነገሩኝ እንደምረዳው አብዛኛው ጉዳት የደረሰው እሷ ገና እንቁላሉ ላይ ሳትቀመጥ ነው። ዶሮ የሰጧትን ታሞቃለች እንጂ የሞተ እንቁላል አታስነሳም።

ከሱቁ ልጀምር። ከተማ ውስጥ በብዛት የሚሸጠው ትልልቁ የፈረንጅ እንቁላል የሚመጣው አውራ ዶሮ ከሌለባቸው እርባታዎች ነው። ለምግብ እንዲሆን ብቻ ስለሚመረት አውራ አያስፈልጋቸውም። እንዲህ ያለው እንቁላል አልዳበረም፤ ወር ቢታቀፉት ጫጩት አይወጣውም። የሐበሻ እንቁላል ቢሆን እንኳ ሱቅ ውስጥ ስንት ቀን እንደቆየና ስንት መንገድ ሲንገጫገጭ እንደመጣ አይታወቅም። እንቁላል ከጎደለዎት አውራ ዶሮ ካላት ጎረቤት፣ በዚያው ሳምንት የተጣለውን ይለምኑ ወይም በራስዎ ይለውጡ። አውራውንም አይርሱት። ከ8 እስከ 10 ለሚሆኑ እንስት ዶሮዎች አንድ ጤነኛ አውራ ይበቃል። ለበዓል አርደውት ከሆነ ግን ከታረደ ከሳምንት በኋላ የሚጣለው እንቁላል የመዳበሩ ነገር እያጠራጠረ ይሄዳል።

አሁን ወደ ቤትዎ እንቁላል። ሦስት ሳምንት ማጠራቀም በጣም ረጅም ነው። ለማስታቀፍ የሚመረጠው 7 ቀን ያልሞላው ነው፤ ቢበዛ 10 ቀን። ከዚያ ካለፈ ውስጡ ያለው ሽል በየቀኑ እየደከመ ይሄዳል፤ ቢፈለፈል እንኳ ዘግይቶ፣ አቅም አጥቶ ነው። ዶሮዋ ልትታቀፍ ስትቃረብ ያሳውቅዎታል፤ ከመጣያዋ አልነሳም ትላለች፣ ላባዋን ትነፋለች፣ ሲጠጓት ትቆጣለች። ከዚያ በፊት ያጠራቀሙትን ይሽጡት ወይም ለምግብ ያድርጉት፣ የመጨረሻውን ሳምንት ብቻ ለእሷ ያስቀሩላት።

መነቅነቁን እባክዎ ይተዉት። ውስጡ ያለውን ስስ ነገር ይበጥሳል። ውሃ ውስጥ መክተቱም የሚያሳየው እንቁላሉ ማርጀቱን እንጂ መዳበሩን አይደለም። እንዲያውም ይጎዳል። የእንቁላል ቅርፊት ለዓይን የማይታዩ ብዙ ቀዳዳዎች አሉት። ላዩ ላይ ደግሞ ጀርም የሚከለክል ስስ ልባስ አለው። ውሃ ሲነካው ልባሱ ይታጠብና ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። የገሙት እንቁላሎች አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ኩስ የነካው ካለ በደረቅ ጨርቅ ቀስ ብለው ይጥረጉት፤ በጣም የቆሸሸውን አያስታቅፉት። የተሰነጠቀውን፣ ከልክ በላይ ትልቁንና ትንሹን፣ ቅርጹ የተጣመመውንም ይለዩ። ማስቀመጫው ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን፣ ከምድጃውም ከፀሐይም የራቀ። ሾጣጣውን ጫፍ ወደ ታች አድርገው እህል ወይም ጭድ ውስጥ ያቁሙት። ፍሪጅ አይሆንም።

15 እንቁላልም ለአንዲት የሐበሻ ዶሮ ይበዛል። ዳር ዳር የቀረው ይበርደዋል፤ ስታገላብጠው ደግሞ ተራ በተራ ሁሉም ይበርደዋል። 10 ወይም 11 ይበቃታል። እንቁላሉ ከኮኮክ ወይም ከሌላ ትልቅ ዝርያ ከሆነ 8 ወይም 9 ያድርጉት።

መታቀፊያው ጨለም ያለና ጸጥ ያለ ጥግ ላይ ይሁን፣ ጭስ የማይደርስበት። ሰፋ ያለ ቅርጫት ወይም የተሰበረ እንስራ ታችኛው ክፍል ይበቃል። ከታች ስስ አመድ፣ ከላይ የጤፍ ጭድ ያድርጉና እንቁላሉ እንዳይንከባለል መሃሉን ጎድጎድ ያድርጉት። ከማስታቀፍዎ በፊት የዶሮዋን ክንፍ ሥር ገልጠው ይዩ። ቅንቅን ካለባት አታርፍም፣ እየተነሳች እንቁላሉን ታቀዘቅዘዋለች። ከቦታ ቦታ ማዛወር ካለብዎት ማታ ያዛውሯት፤ መጀመሪያ በሁለት እንቁላል አንድ ቀን ይፈትኗት፣ ካረፈች ሌላውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያስገቡላት።

በአንድ ጊዜ ያልኩት በምክንያት ነው። ሌሎቹ ዶሮዎች እዚያው እየገቡ ይጥሉ ነበር ብለውኛል። አንዱ እንቁላል 21 ቀን ሲሞላው ሌላው 12 ቀኑ ይሆናል ማለት ነው። እናቲቱ የመጀመሪያዎቹ ጫጩቶች እንደተነሱ ይዛቸው ትወጣለች፤ የዘገየው እዚያው ይቀዘቅዛል። ውስጡ ሞቶ ካገኙት ጫጩት የተወሰነው በዚህ የሄደ ሊሆን ይችላል። የሚያስታቅፉትን እንቁላል በእርሳስ ወይም በከሰል ምልክት ያድርጉበት። ምልክት የሌለው ከተገኘ በዚያው ዕለት ያውጡት። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሌሎቹ የማይገቡበት ቦታ ለብቻዋ መስጠት ነው።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት፦ በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሎቹን በባትሪ ይዩአቸው። የሞባይል ባትሪ ይበቃል። ካርቶን ላይ ከእንቁላሉ ጠበብ ያለ ቀዳዳ ይብሱና መብራቱን ከሥር ያድርጉ። ቤቱን አጨልመው የእንቁላሉን ሰፊ ጫፍ ቀዳዳው ላይ ያስቀምጡት። ሕይወት ያለው ከሆነ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ከነጥቡ ዙሪያ ደግሞ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀያይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ትኩር ብለው ካዩት ነጥቡ ሲንቀሳቀስ ሊያዩት ይችላሉ። ጥርት ብሎ ብርሃን የሚያሳልፈው አልዳበረም። የደም ሥር ሳይኖረው ቀይ ቀለበት ብቻ የሚታይበት ጀምሮ የሞተ ነው። ሁለቱንም ያውጧቸው፤ ከቆዩ ይገማሉ፣ ከፈነዱ ደግሞ ጤነኞቹን ይበክላሉ። የሐበሻ እንቁላል ቅርፊቱ ነጣ ስለሚል በደንብ ያሳያል፣ ቡናማው ግን ያስቸግራል። ካጠራጠረዎት መልሰው ያስገቡትና በ14ኛው ቀን ይድገሙት። ያን ጊዜ ደህናው ከላይ ካለው የአየር ክፍተት በቀር ጥቁር ብሎ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚያደርጉት ብልሃት አለ። ሁለት ዶሮ በአንድ ቀን ያስታቅፋሉ። በ7ኛው ቀን መጥፎውን አውጥተው የቀረው ለአንዷ የሚበቃ ከሆነ ወደ እሷ ያጠቃልሉና ለሌላዋ አዲስ እንቁላል ይሰጧታል።

ታቃፊዋ በቀን አንዴ ተነስታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ኩሷን ትጥላለች። 15 ወይም 20 ደቂቃ ብትቆይ አይስጉ። ውሃና ደረቅ እህል፣ በቆሎ ወይም ማሽላ፣ ከአጠገቧ ያስቀምጡላት እንጂ ሩቅ እንድትለቅም አይተዋት። ከ18ኛው ቀን በኋላ ግን እንቁላሉን አይነካኩት። ጫጩቱ ቅርፊቱን ከነቆረ በኋላ አንድ ቀን ያህል ሊቆይ ይችላል። አዝነው እንዳይፈለቅቁለት፤ ደሙ ገና ከቅርፊቱ ጋር እንደተያያዘ ነው፣ ይደማል። የተፈለፈለው ጫጩት አስኳሉን ሆዱ ውስጥ ይዞ ስለሚወጣ አንድ ቀን ምግብ ባያገኝ አይራብም። ስለዚህ እናቲቱን በግድ አያስነሷት፤ ሌሎቹን ትጨርስ።

ማሽኑን ለጊዜው አልመክርዎትም። ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት፤ እርጥበቱ ይጠበቃል፤ እስከ 18ኛው ቀን እንቁላሉ በቀን ቢያንስ ሦስቴ ይገላበጣል። መብራት ለአንድ ሌሊት ከሄደ ልፋትዎ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ እናት የሌላቸውን ጫጩቶች ለሳምንታት ማሞቅ አለ። ይህን ሁሉ ዶሮዎ በነጻ ትሠራዋለች። ብዙ አውራና እንስት ኖሮዎት በየሳምንቱ ብዙ የዳበረ እንቁላል ማግኘት ሲጀምሩ እንነጋገርበታለን።

ጊዜውን ግን ያስቡበት። በዐቢይ ጾም እንቁላል ገዢው ይቀንሳል፣ ዋጋውም ይወርዳል። ለማስታቀፍ ጥሩ ጊዜ ነው። የሐበሻ አውራ ለገበያ ለመድረስ ከስድስት ወር በላይ ስለሚፈልግ ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት መግቢያ ላይ ያስታቀፉት ለእንቁጣጣሽ ይደርስልዎታል። ክረምቱ ሲከብድ የተፈለፈለ ጫጩት ግን ብርዱና ጭቃው ይጨርሰዋል።

ጫጩቶቹን ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከጭላትና ከሸለምጥማጥ ይጠብቁ፤ ቀን ቀን ቅርጫት ይድፉባቸው፣ ማታ ቤት ያስገቧቸው። የተከካ እህል ይስጧቸው፤ ምስጥ ከተገኘ ደግሞ ይጨምሩላቸው። ውሃውን እንዳይሰምጡበት ጠጠር ባለበት ጠፍጣፋ ሳህን ያድርጉት። የፈንግል ክትባት በመጀመሪያው ሳምንት በዓይን ጠብታ፣ ከዚያም ወር ሲሞላቸው ገደማ ይደገማል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ ለነገ አይቆይም። ስለዚህ ከጎረቤቶችዎ ጋር ቀን ቆርጣችሁ፣ ጫጩቶቹ ከመፈልፈላቸው በፊት ለቀበሌያችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይንገሩ።